የተጠማችው ቦክስ

«ያቺ ቦክስ ካርቱም ያደገች ናት። አባይ ዳር ውሃ ሲረጫት የኖረች መኪና እዚህ ዋልካ ላይ አምጥተው ሲነዷት ይጠማታል፤ ሲጠማት ትተኛለች» ይላል ቢሻው ደላላው። ጠዋት ሻይ ቤት ይለዋል፣ ቀትር ላይ መናኸሪያ ይለዋል፣ ማታ ደግሞ ጠዋት የሰሙትን ሰዎች መልሶ ሰብስቦ እንደ አዲስ ያወራላቸዋል። በደገመው ቁጥር ትንሽ ይጨምርበታል። መጀመሪያ መጠማት ብቻ ነበር። ቀጥሎ ውሃው ቀዝቃዛ ካልሆነ አትነሳም ተባለ። የሰሊጥ አጨዳ ሲጀመር የቧንቧ ውሃ ንቃ የወንዝ ውሃ የምትመርጥ መኪና ሆና አረፈችው።

የሚያናድደው ወሬው እውነት መምሰሉ ነው።

ሌላው አገር ፒካፕ የሚላትን፣ ከኋላዋ ክፍት የሆነችውን የጭነት መኪና፣ እኛ ቆላዎቹ ከሱዳኖች ወስደን ቦክስ እንላታለን። ይችኛዋ የሐጂያ መጂዳ ናት። ሐጂያ ሸሕዲ ላይ የጨርቅና የስኳር ሱቅ አላቸው፤ በሽንፋ መንገድ ደግሞ የሰሊጥ እርሻ። በአረምና በአጨዳ ጊዜ ከደጋ የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች፣ ሳሉግ የምንላቸውን፣ ቦክሷ ኋላዋ ላይ ጭና ወደ እርሻው ታመላልሳለች። የሚነዳት የእህታቸው ልጅ ዓሊ ነው። መልኩ ጥሩ ነው፣ መሪ አያያዙም ጥሩ ነው፤ ጆሮው ግን ለጌጥ የተሰጠው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦክሷ ሠራተኛ ጭና በሜዳው እየበረረች ሳለ፣ ሳትስል ሳታስነጥስ ድርግም ትላለች። ዓሊ ይወርዳል፣ ከመቀመጫው ጀርባ የውሃውን ጀሪካን ይጎትታል፣ ራዲያተሩን ያጠጣል፣ ጀሪካኑን መልሶ እዚያው ይወትፋል፣ ቁልፍ ያዞራል። ቦክሷ ትነሳለች። በዚህ ሙቀት መኪና ውሃ ሲያጣ እንደሚቆም የማያውቅ የለም። ስለዚህ በሽታው ጥማት፣ መድኃኒቱ ውሃ ተባለ። ራዲያተሩ ተቀየረ፣ ማራገቢያው ተቀየረ፣ ቱቦዎቹ ተቀየሩ። ቦክሷ በአዲስ ራዲያተር አሮጌ እንቅልፏን ቀጠለች።

በተኛች ቁጥር ደግሞ ሠራተኞቹ ይወርዳሉ፣ ለሽንት ይበተናሉ፣ ጥላ ፍለጋ ይሄዳሉ፤ እነሱን መልሶ መሰብሰብ ከመኪናዋ ይብሳል። እርሻው ሲደርሱ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች። ሰሊጥ እንደ ማሽላ ቆሞ አይጠብቅም። አንዴ ከደረሰ አፉን ከፍቶ ፍሬውን መሬት ላይ ይዘረግፈዋል።

እኔ አይናዲስ እባላለሁ። የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። የት ተማርሽ የሚለኝ ሰው ብዙ ነው፤ መኪናው ከተነሣለት የት እንደተማርኩ ምን ያደርግለታል? ሬዲዮ ፈታሁ፣ የባጃጅ ገመድ ፈታሁ፣ ስክሪኑ በተሰነጠቀ ስልክ ሕንዶች በማላውቀው ቋንቋ ሲያስተምሩ እጃቸውን እያየሁ ለቀምኩ። ዛሬ እስከ አብርሃ ጅራ ድረስ መብራት የጠፋበት ሾፌር እኔን ብሎ ይመጣል። የምሠራው ግን ከሐጂያ ሱቅ ጎን፣ ኒም ዛፍ ሥር ነው። ዝናብ ሲመጣ ዕቃዬን ታቅፌ እሮጣለሁ። ነፋስ ሲነሣ ብሎኔን ከአፈር እለቅማለሁ። ሽቦ የምጠቀልልበትን ናስትሮ ደግሞ የጎረቤት ፍየል ትበላዋለች።

ከሱቃቸው ቀጥሎ ያለችው ክፍላቸው ባዶ ናት። የብረት በር አላት፣ የራሷ ቆጣሪ አላት፣ ፊቷ ወደ አስፋልቱ ነው። ዓመቱን ሙሉ በዓይኔ ስቀላውጣት ኖሬያለሁ፤ በሐሳቤማ መደርደሪያዬን ሰቅዬ፣ ስሜን በሯ ላይ ጽፌ ጨርሻለሁ። ባትሪ ሻጩ ሙዓዝም ፈልጓታል። እሱ ቀድሞ ጠየቀ፤ እኔ ደግሞ ጮክ ብዬ ጠየቅሁ።

እሑድ ዕለት ቢሻው ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሐጂያን ሲያባብል ሰማሁት።

«ሐጂያ፣ ቦክሷን ይሽጡና ይገላገሉ። የሚገዛ ሰው አለኝ።»

«የተጠማች መኪና የሚገዛ ማን ነው?»

«ሰውየው ቤቱ ወንዝ ዳር ነው።»

ካቻቢቴዬን ጥዬ ተነሣሁ። «ሐጂያ፣ ይችን መኪና ለእኔ ይስጡኝ። ውሃ አይደለም የምትፈልገው።»

ቢሻው ዞር ብሎ አየኝ። «አንቺ ደግሞ ምን ትፈልጋለች ልትይ ነው?»

«ከአንተ ወሬ ማረፍ።»

ሐጂያ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። ቶሎ የሚስቁ ሴት አይደሉም፤ ሲስቁም ዋጋ የሚቀንሱ እንዳይመስላቸው ይጠነቀቃሉ። «ስሚኝ ልጄ» አሉኝ። «ሐሙስ እኔ ራሴ ቦክሷ ላይ ተቀምጬ እርሻዬ ድረስ እሄዳለሁ። ሠራተኞቹ እንደተጫኑ፣ ሳትተኛ ደርሳ ሳትተኛ ከተመለሰች የክፍሏ ቁልፍ ያንቺ ነው። አንዴ ከተኛች ግን ቁልፉ የሙዓዝ፣ መኪናዋም የቢሻው ሰው። ኸላስ።»

«ኸላስ» አልኩ። ካቻቢቴዬንም ከመሬት አነሣሁ።

ሰኞን ሙሉ ቦክሷ ውስጥና ሥር ዋልኩ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ አወጣሁ፣ ሪሌዎቹን አንኳኳሁ፣ የባትሪውን ቀንዶች ጠረግሁ። ይቺ መኪና ቤንዚኗን ከታንኩ የሚገፋላት የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። ቁልፍ ስታዞር ታንኩ ውስጥ እንደ ንብ እዝዝ ይላል። ያም ደህና ነው። ባዶዋን ሸሕዲን አዞርኳት፤ እንደ ፈረስ ሄደች። ያልታመመች መኪና ማከም እንደምን ያለ መከራ ነው። ቢሻው በመንገዱ ማዶ ሻዩን እየጠጣ፣ «ውሃ አቅምሻት እንጂ» ይለኛል።

«ስትታመም ማየት አለብኝ» አልኩት ዓሊን። «ነገ ከሠራተኞቹ ጋር እሄዳለሁ።»

«ጋቢና ትቀመጫለሽ?»

«ታዲያ ኮፈኑ ላይ ልቀመጥልህ?»

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ወጣን። ኋላችን ላይ ሠራተኞቹ በትር በትራቸውን ይዘው ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። አለቃቸው አያ ምናለ የሚባሉ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ፊታቸው ላይ ምንም የማይነበብ። ዓሊ ሙዚቃውን እስከ ጥግ ከፈተው። አስፋልቱን ለቀን ዋልካው ላይ ስንገባ ከኋላ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሳሉጎቹ ናቸው» አለ ዓሊ በሙዚቃው መሐል እየጮኸ። «አንዱ ሽንቱ መጥቶ ይሆናል።»

«ታዲያ አትቆምም?»

«ለሁሉም ሽንት ከቆምኩ በፋሲካ ነው የምንደርስ።»

ትንሽ እንደሄድን ቦክሷ ድርግም አለች። መንገዱ ለጥ ያለ ነበር፤ ጉድጓድ የለ፣ ድንጋይ የለ። ሠራተኞቹ ወዲያው ዘለው ወርደው በየቁጥቋጦው ተበተኑ። ዓሊ ወደ መቀመጫው ጀርባ እጁን ለጀሪካኑ ሰደደ።

«እንዳትነካ» አልኩት። «ምንም ነገር እንዳትነካ። እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት።»

«ውሃ ልስጣት እንጂ።»

«እኔን ነው ውሃ የምትሰጠኝ። ለእሷ አልታዘዘላትም።»

ቁልፉን አዞርኩና ጆሮዬን ሰጠሁ። ንቧ የለችም። ታንኩ ድምፁ ጠፍቷል። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም፤ በሽተኛዬ በመጨረሻ ታመመችልኝ። ከሥሯ ገባሁና ፓምፑ አፍ ላይ ቴስተሬን ሰካሁ። መብራት አይመጣም። ፊውዙ ደህና፣ ሪሌው ደህና። እንግዲያው በመሐል አንድ ቦታ መንገዱ ተቆርጧል። በሆዴ እየተሳብኩ ገመዱን ተከተልኩት። በታችዋ አልፎ፣ በጋቢናዋ ወለል ወጥቶ፣ ከተሳፋሪው መቀመጫ ጀርባ ገባ። መቀመጫውን አጠፍኩት፤ ጀሪካኑን ቀስ ብዬ አነሣሁት። በስተኋላ ባለው ቆርቆሮ ላይ የክብሪት ቤት የምታህል ጥቁር ዕቃ ታስራለች። አናቷ ላይ ቀይ የላስቲክ ቁልፍ አለ። ቁልፉ ብቅ ብሏል።

በጣቴ ተጫንኩት። ቋ አለ። ታንኩ ውስጥ ንቧ እዝዝ አለች።

«ቢስሚላህ» አለ ዓሊ።

ጀሪካኑን ወስጄ እሱ እንደሚያደርገው ወደ ቦታው ወተፍኩት። ሲገባ ታቹ ቀዩን ቁልፍ ጫን አድርጎት ወረደ። ውሃው አልነበረም የሚያስነሣት፤ ጀሪካኑ ሲገባ ቁልፉን መጫኑ ነበር። ዓሊ ራዲያተሩን ሲያጠጣ የከረመው እንዲሁ በከንቱ ነው። ይህን ስነግረው ጀሪካኑን እንደከዳው ወዳጅ አየው።

ግን ይህቺ ዕቃ ምንድን ናት? እኔ ተምሬ ያደግሁት በናፍጣ መኪናና በባጃጅ ነው፤ አንዳቸውም የላቸውም። ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ጉብታው ወጣሁና ፎቶዋን አንሥቼ ስልኬ ላይ ፈለግሁ። አንድ ሕንዳዊ ቀዷት ውስጧን ያሳያል። አንዲት የብረት ኳስ ማግኔት ላይ ተቀምጣለች። መኪናው ሲጋጭ ኳሷ ከማግኔቱ ተፈናጥራ ትወጣለች፣ ማንሻውን ትመታለች፣ የፓምፑን መብራት ትቆርጣለች። ለምን ቢባል፣ በግጭት የቤንዚን ቱቦ ከተበጠሰ ፓምፑ መግፋቱን ካላቆመ ቤንዚኑ የጋለ ሞተር ላይ ይረጫል። ዕቃዋ ዘበኛ ናት። ሰው ቀዩን ቁልፍ እስኪጫን ድረስ ዘበኛዋ በሩን አትከፍትም።

ወርጄ ለዓሊ አስረዳሁት። ገባው፤ ወዲያው ግን ፊቱ በራ። «በቃ ቆርጠሽ ጣያታ። ሁለቱን ሽቦ አያይዥው። ከዚያ በኋላ ማን ያስተኛታል? ሐሙስ ክፍሉን ትወስጃለሽ።»

እውነቱን ነው። ፒንሳዬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሁለት ሽቦ መላጥ፣ መጠምዘዝ፣ በናስትሮ መጠቅለል፤ የብረቱ በር፣ ቆጣሪው፣ ስሜ። ሙዓዝም ባትሪውን ታቅፎ ይሄዳል። ማንም አያውቅብኝም።

ቁጥቋጦው ውስጥ ሱሪያቸውን እያሰሩ የሚመለሱትን ሠራተኞች አየሁ። ታንኩ ያለው ከሥራቸው ነው። ኋላ ላይ የሚቀመጥ ሰው በር የለውም፣ ቀበቶ የለውም፣ ከሥሩ ግን ቤንዚን አለው።

«ዘበኛ አላባርርም» አልኩት። «በሐሰት ለምን በሩን እንደምትዘጋ ነው የማገኘው።»

«ሐሙስ ብትተኛስ?»

«ያኔ ከሙዓዝ ባትሪ እየገዛሁ በኒም ዛፌ ሥር አለቅሳለሁ። አንተ መሐረብ ታቀብለኛለህ።»

ግጭት የለም፣ ጉድጓድ የለም፤ ኳሷን ያፈናጠራት ምንድን ነው? ቦክሷን ዞርኳት። በኋላ በኩል፣ ሠራተኞቹ ጀርባቸውን በሚያስደግፉበት የጋቢና ግድግዳ ላይ፣ በስተቀኝ ዝቅ ብሎ ቀለሙ ተፍቋል። ቆርቆሮው እንደ ፈንጣጣ ፊት ተጎድጉዷል። እጄን ከዚህ በኩል አሳረፍኩ፤ በሌላ እጄ በመስኮት ገብቼ ዕቃዋን ፈለግኋት። ሁለቱ እጆቼ በአንድ ቆርቆሮ ግራና ቀኝ ተገናኙ።

«አያ ምናለ» አልኩ። «አሁን ሾፌሩን አቁም ለማለት በምን ነው የምትመቱት?»

«በበትር ነዋ።»

«እስኪ እንደምትመቱት አድርገው ይምቱልኝ።»

ቁልፉን አዙሬ ንቧን አስነሣሁ፤ ሰውየው በትራቸውን አነሡ። መጀመሪያ ጣሪያውን መቱ፤ ንቧ መጮኋን አላቆመችም። ከፍ አድርገው መሐሉን መቱ፤ ምንም። «ዝቅ አድርገው፣ በቀኝ» አልኳቸው።

«እዚህ ጋ?» አሉ ፊታቸው እንደተቆለፈ በር ሆኖ፤ የበትራቸውን ቂጥ አንዴ ብቻ ሰደቅ አደረጉ።

ቋ። ንቧ ዝም አለች። ቀዩ ቁልፍ ብቅ ብሎ አየኝ።

ሠራተኞቹ ተሳሳቁ። ዓሊም ሳቀ፤ እኔ ግን እንደ ሰከረ ሰው መንገዱ ላይ ጨፈርኩ። እንግዲህ ያ ሁሉ ራዲያተር የተቀየረው በደገኛ በትር ነበር። ዕቃዋን እዚያ ያሰራት ሰው ኋላዋ ላይ በበትር የሚያወሩ ሰዎች ይጫኑባታል ብሎ እንዴት ያስብ?

ረቡዕ ኒሙ ሥር ሠራሁ። ዕቃዋን ከኋላው ቆርቆሮ ነቀልኩ። ወደ ፊት፣ ከተሳፋሪው እግር ጎን ወዳለው ወፍራም ምሰሶ አዛወርኳት፤ ምሰሶውን በትራፓኖ በሳሁ፣ በብሎን አጠበቅሁ፣ ሕንዳዊው እንዳሳየኝ ቀጥ ብላ እንድትቆም በክር ለካሁ። ሽቦዎቹን ቀጥዬ በስታኞ በየድኋቸው። ፍየሏ መጥታ ናስትሮዬን ስታሸት በጫማዬ መለስኳት። ከዚያ የጎረቤት መዶሻ ተውሼ ኋላዋን እንደ ከበሮ ደበደብኩት። ንቧ አልተነቃነቀችም።

አንድ ነገር ጨመርኩ። ከተጣለ ባጃጅ ላይ ክላክስ ነቀልኩና ከዓሊ ጆሮ አጠገብ አሰርኩት፤ መጫኛውን ኋላ ላይ፣ ሠራተኞቹ እጅ የሚደርስበት ቦታ አደረግሁ። ሽንቱ የመጣ ሰው ይጫናል። ዓሊ ሲሞክረው ከመቀመጫው ተነሥቶ ጣሪያውን በራሱ መታው።

«ይኼ መስማት ለሚችል ሰው የተሠራ አይደለም» አለኝ።

«ለአንተ ነው የተሠራው።»

ሐሙስ ሐጂያ ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው ጋቢና ገቡ፤ እኔ በመሐል፣ ዓሊ መሪው ላይ። ቢሻውም ወሬው ዓይኑ እያየ እንዲፈጸም ፈልጎ ኋላ ላይ ከሠራተኞቹ ጋር ተጫነ፤ ለማንኛውም ብሎ ትልቅ የውሃ ጀሪካን ታቅፏል። ሙዓዝ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሸኘን፤ ቁልፉን በኪሱ የያዘ ይመስል ነበር።

ሄድን። ክላክሱ ጮኸ፤ ዓሊ እየተራገመ ቆመ፤ አንድ ሰው ወርዶ ተመለሰ። እንደገና ጮኸ፤ እንደገና ቆመ። ከሠራተኞቹ አንዱ በለመደው እጁ ኋላውን በበትር ወቃው። ቦክሷ መንገዷን ቀጠለች። እርሻው ደረስን። ሐጂያ የታጨደው ሰሊጥ በነዶ በነዶ ታስሮ የቆመበትን ዞረው አዩ፤ ሠራተኛውም ወደ ሥራው ገባ። ከሰዓት በኋላ ድርሻቸውን የጨረሱትን ጭነን ተመለስን፤ አያ ምናለም ከእነሱ ጋር ነበሩ። የብረቱ በር በየኩርባው እየቀረበ ሲመጣ ይታየኝ ነበር።

«ልታሸንፊኝ ነው መሰል» አለ ቢሻው ከኋላ በመስኮቱ አፉን አስጠግቶ። «ግን ዛሬ ደመና ስለሆነ ነው። አልተጠማትም።»

ልመልስለት አፌን ስከፍት አንዲት ጥጃ ከቁጥቋጦ ወጥታ መሐል መንገድ ላይ ቆመች። ዓሊ መሪውን ጠመዘዘ። ጥጃዋን ሳትን። ኩይሳውን አልሳትነውም።

ኩይሳ ስላችሁ የምስጥ አፈር ነው ብላችሁ አትናቁት። የሰው ቁመት ያለው፣ እንደ ሲሚንቶ የደረቀ ነገር ነው። ቦክሷ በአፍንጫዋ ገባችበት። ሐጂያ በእኔ ላይ፣ እኔ በዓሊ ላይ ተደራረብን። ኋላ ሠራተኞቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተከመሩ፤ የቢሻው ጀሪካን ተከፍቶ ሁሉንም አጠባቸው። ከዚያ ጸጥታ ሆነ። ሞተሩም ዝም።

ማንም አልተጎዳም። ይህን ለማረጋገጥ አንድ በአንድ ጠየቅሁ፤ አንድ ሰው ብቻ ጉልበቱን ተልጧል፣ ቢሻው ደግሞ ከአናቱ እስከ እግሩ ረጥቧል።

«ተኛች» አለ ቢሻው ውሃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ። «ሐጂያ፣ በዓይንዎ አዩ። ተኛች።»

ወደ ፊት ሮጥኩ። ኮፈኑን ከፈትኩ። የሞተሩ ግለት ፊቴን መታኝ። የቤንዚኑ ቱቦ ከአፉ ወልቆ፣ ከጋለው ብረት በላይ ተንጠልጥሏል። ጫፉ ላይ አንዲት ጠብታ ብቻ ነበረች። ወደ ጋቢናው ተመልሼ ከምሰሶው አጠገብ ጎንበስ አልኩ። ቀዩ ቁልፍ ብቅ ብሏል። ኳሷ ተፈናጥራለች፤ ዘበኛዋ በሩን ዘግታዋለች።

«ሐጂያ፣ ይምጡና ይዩ» አልኩ። ቱቦውን አሳየኋቸው፣ የጋለውን ሞተር አሳየኋቸው፣ ኋላ ላይ የነበሩትን ሰዎች አሳየኋቸው። «ይህቺ ዕቃ ተቆርጣ ቢሆን ኖሮ አሁን ፓምፑ እየገፋ ነበር።»

ሐጂያ መነጽራቸውን አወለቁ። ቱቦውን አዩ፤ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ዓሊ ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ ፊቱን ጠረገ፤ ቆርጠሽ ጣያት ያለው ትዝ ብሎት እንደሆነ አላውቅም።

ቱቦውን መልሼ ሰካሁ፤ ማጥበቂያውን ቀየርኩ፣ አጠበቅሁ። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ሁላችንም ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ከዚያ ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ፤ ንቧ እዝዝ አለች፤ ቱቦው አላነባም። ዓሊ አስነሣት። የፊት መከላከያዋ እንደ ተቆጣ ከንፈር ወደ ላይ ተቀልብሷል እንጂ ሌላ ችግር የለባትም።

«ያው ተኝታለች» አለ ቢሻው እንደገና፤ ልብሱን ይጨምቅ ነበር። «ነገራችን አንዴ ከተኛች ነው የተባለው።»

ሐጂያ ወደ ጋቢናው እየወጡ ዘወር አሉ። «ሳትተኛ ያልኩት እሷ ራሷ ሳትተኛ ነው። ዛሬ ያስተኛት የእህቴ ልጅ ነው። ያንንስ ከእናቱ ጋር እነጋገርበታለሁ። ያላ፣ ውጡ።»

ሸሕዲ ስንገባ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ቁልፉን ሙዓዝ ፊት ሰጡኝ። ሙዓዝ ጨዋ ልጅ ነው፤ መጀመሪያ የመጣው ደንበኛዬ እሱ ነበር፣ የባትሪ መሙያው ተቃጥሎበት። ስሜን ራሴ በቀይ ቀለም በሩ ላይ ጻፍኩ፤ ትንሽ ገዘፍ አድርጌ ጽፌው ሊሆን ይችላል፣ ከመናኸሪያው ይነበባል። ቢሻው አሁን የሚያወራው ሌላ ነው፦ ቦክሷ ጥጃ ስለምትወድ ለጥጃ ብላ ኩይሳ ገጨች ይላል። ሰሞኑን ጥጃዋ እርጉዝ ሆናለች።

ሰሊጡ ታስሮ፣ ተራግፎ፣ ተጭኖ አለቀ። ሠራተኞቹ ወደ ደጋ መመለስ ጀመሩ። አንድ ቀን ጠዋት አያ ምናለ በአዲስ ነጠላ፣ በትራቸውን በትከሻቸው ጥለው ክፍሌ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ባትሪ ድንጋይ የማይዝ የእጅ ባትሪያቸውን አምጥተው ነበር። የዛገውን ጠረግሁላቸው፤ ጎንደር የሚሄደው አውቶቡስ ከመናኸሪያው ክላክስ ይነፋል።

«የሠራሽልን ጩኸት ጥሩ ነው» አሉኝ። «በሱ ጊዜ ሾፌሩ ይቆማል።»

«በበትር ስትመቱስ አይቆምም ነበር።»

«አዪ፣ እሱስ አይቆምም። መኪናዪቱ ነበረች የምትቆምልን።»

የእጅ ባትሪው በእጄ እንዳለ ቀና ብዬ አየኋቸው። ያ የተቆለፈ ፊታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ተከፈተ።

«ዝቅ ብሎ፣ በቀኝ በኩል» አሉ። «እኛማ በወረድን በሳምንቱ ነው ያወቅነው። ሽንት ለያዘው ሰው አንዴ ሰደቅ ማድረግ ነው፣ ትተኛለች። ለሚመጣው ሳሉግ ሁሉ ቦታውን እኔ ነበርሁ የማሳየው።»

«አያ ምናለ፣ እኔ በሆዴ ስሳብ ቆመው ሲያዩኝ አልነበረም እንዴ? ለምን አልነገሩኝም?»

የእጅ ባትሪያቸውን ተቀበሉኝ፤ አበሩ፣ አጠፉ፣ ኪሳቸው ከተቱ።

«አንቺ መኪናዪቱን ነበር የምትጠይቂ» አሉ። «እኛን ማን ጠየቀን» ብለው ወደ አውቶቡሱ ሄዱ።